መቃኑ ላይ ያደግን ልጆች

ሰም ሲቀልጥ መጀመሪያ የሚሸተው ሰሙ አይደለም፤ ማሩ ነው።

እዚህ ኢየሩሳሌም፣ ከገዳሙ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ለትንሣኤ ጧፍ ስናዘጋጅ፣ ድስቱ ገና ለብ ሲል፣ ሰሙ ውስጥ ተደብቆ የቀረው የማር ጠረን ብድግ ይላል። አብረውኝ የሚሠሩት እናቶች ዳዊት እየደገሙ ክሩን ይነክራሉ። እኔም እደግማለሁ፤ ግን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ከመዝሙሩ መካከል ሹልክ ብሎ ይወጣና አዳማ ይወርዳል። ሄዶ አንድ በር ፊት ይቆማል። የበሩ መቃን ላይ በከሰል የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች አሉ፤ ከእነዚያ መስመሮች አንዷ እኔ ነኝ።

አዳማን ኋላ ናዝሬት አሏት። እኔ ደግሞ ለዋናዋ ናዝሬት ጎረቤት ሆኜ ቀረሁ፤ የእግዚአብሔር ሥራ አያልቅም። በልጅነቴ ግን አዳማ አዳማ ብቻ ነበረች፤ ለገሃሩ፣ ከለገሃሩ ፊት ለፊት ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ የግሪክ ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና ነፋስ። ነፋሷን ያላየ አዳማን አላያትም። አቧራውን አንሥቶ የተሰጣ እህል ላይ፣ የታጠበ ልብስ ላይ፣ የሚያወራ ሰው አፍ ውስጥ ሳይቀር ይበትነዋል።

አባቴ ከቡልጋ መጥቶ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ንዳድ በአንድ ጥቢ እሱንም እናቴንም ወሰደ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ወንድሜ ጥላሁን ገና መሮጥ እንኳ ያልጀመረ፣ ሆዱ በጣፊያ የተነፋ፣ እግሩ እንደ ጭራሮ የቀጠነ ሕፃን ነበር። የአባቴ የሥራ ባልደረቦች ሙት አውጥተው፣ ሐዘን ተቀምጠው ሲያበቁ፣ እሱን አዝለው እኔን በእጄ ይዘው ከከተማው በላይ ወዳለው የፈረንጆች ቤት ወጡ።

ቤቱ ድሮ የባቡር ዕቃ ማከማቻ ነበር አሉ። ድንጋይ ነው፤ ኖራ ተቀብቷል። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሙሴ ካርልና ማዳም ሊና፤ ያን ጊዜ ፈረንጅ ወንድ ሁሉ ሙሴ ይባል ነበር። ከየት አገር እንደመጡ አላውቅም ነበር፤ በረዶ እንደ ዱቄት የሚወርድበት አገር ነው ሲባል ሰምቼ፣ እዚያ አገር ሰው ጾሙን እንዳያድር ሰማይ ራሱ ዱቄት ይበትንለታል ብዬ አስብ ነበር። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ወላጅ የሞተበትን፣ መንገድ ላይ የተጣለውን፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ሰብስበው ያሳድጋሉ። ፍየሎቹን የሚያልቡት፣ ትንንሾቹን የሚያጥቡት፣ ስናጠፋ የሚቆነጥጡን ደግሞ አኮ ጫልቱ ናቸው። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ የማንም አያት አልነበሩም፣ የሁላችንም አያት ሆኑ።

በገባሁ በሰሞኑ ማዳም ሊና በር ላይ አቆሙኝ። ጀርባዬን ከመቃኑ አስጠግተው፣ አናቴ ላይ ጠፍጣፋ መጽሐፍ አስቀምጠው፣ ከመጽሐፉ ሥር በከሰል ጭረት አደረጉ። ከዚያ ፈገግ ብለው ጉንጬን ነኩኝ። በአገራቸው እናት ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች፤ ልጇ ማደጉን በመቃኗ ታያለች። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ዕለት ያወቅሁት ዘነበች የነገረችኝን ነው።

ዘነበች ከሁላችንም ትበልጣለች። እናቷ በልጅነቷ ከሩቅ አገር ተነድታ የተሸጠች ሴት ነበረች፤ ስለዚህ ዘነበች ስለ ሰው ሽያጭ ስትናገር ማንም አያቋርጣትም።

«ተለካሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስንት ስንዝር ሆንሽ?»

«አልነገሩኝም።»

«አይነግሩሽም። ሰው የሚሸጠው በስንዝር ነው፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጆሮ ጫፍ። እናቴን አራት ስንዝር ሳለች ነው የሸጧት። አምስት ስንዝር የሞላ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይሄዳል።»

ባቡሩ ያን ጊዜ ከታች ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ ለእኔ ሌላ ሆነ።

መድኃኒቱንም ያስተማረችን ዘነበች ናት። ልብሳችን ረጅም ነው፤ ጉልበትን ሰበር ቢያደርጉት ከላይ አይታይም። ወር በገባ ቁጥር ለመለካት ስንሰለፍ ሁላችንም ጉልበታችንን ሰበር እናደርጋለን። ማዳም ሊና መስመሩን ያያሉ፣ ያለፈውን ያያሉ፣ ፊታቸው ይጠቁራል። አንዳንዱ ልጅማ ይባስ ብሎ አጠረ።

«ካርል!» ብለው ባላቸውን ይጠራሉ። ሁለቱ በቋንቋቸው ይማከራሉ። ከምክሩ በኋላ የሚመጣው ያ ቡናማ ጠርሙስ ነው፤ የዓሣ ጉበት ዘይት። ሽታውን አላነሣውም፤ ጾም ላይ ነን። መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ነበር፤ ባላደግን ቁጥር ማንኪያው ጨመረ። ማንኪያው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ዘነበች፣ «አላልኋችሁም? ያደልቡናል፤ ለገበያ በሬ እንደሚደልበው!» ትላለች። እኛም የበለጠ እናጎነብሳለን። እንዲህ ስንባባል፣ እሳቸው ስለ እኛ ሲጨነቁ እኛ እሳቸውን ስንፈራ፣ ጥቢው አልፎ በጋ ገባ።

የማያጎነብሰው ጥላሁን ብቻ ነበር። እሱን ማን ያስተምረዋል? አኮ ጫልቱ በብብቱ ይዘው ያቆሙታል፤ እኔ ከበስተጀርባ «ሰበር በል፣ ጥልዬ፣ ሰበር በል» እያልሁ ስንሾካሾክ እሱ ይስቅብኛል። ማጎንበስም አላስፈለገው። በሽታው ይዞት ስለነበር መስመሩ ወር ገብቶ ወር ሲወጣ እዚያው ነው። አንድ ቀን ማዳም ሊና በመስመሩ ላይ መስመር ሲደርቡ እጃቸው ቆመ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ እመቤቴ ማርያም ተመስገን፣ ጥላሁን በባቡር አይሄድም፣ አልሁ። ያችን ምስጋናዬን ሳስብ ዛሬም እስቃለሁ፤ ስቄ ደግሞ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

ጥምቀት አልፎ በሰሞኑ አቶ ተሰማ የሚባል ሰው መጣ። የእናቴ አክስት ልጅ ነው፤ አርሲ ነገሌ እህል ይነግዳል። የወላጆቼን መሞት ዘግይቶ ሰምቶ አዳማ ለገበያ ሲመጣ ጠይቆ አገኘን። ሲያየኝ ጮኾ አለቀሰ።

«ቁርጥ እናትሽን! አፍንጫሽ ሳይቀር!»

አልቅሶ ሲያበቃ ለማዳም ሊና እጅ ነሥቶ ተናገረ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያለ ዘመድ በነበሩ ጊዜ አስጠጋችኋቸው። እንግዲህ ትልቋን ልውሰዳት። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ውኃ የሚቀዳላት ትፈልጋለች።»

«ወንድሜስ?» አልሁ።

«እሱ እስኪሻለው እዚሁ ይሁን። በበቅሎ እስከ ነገሌ እንዴት አድርጎ ይችለዋል?»

ጥላሁን ቀሚሴን ጨብጦ ነበር። ሌሊት ሲተኛ ጆሮዬን ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ከሄድሁ የማንን ጆሮ ሊይዝ ነው? ባቡሩን ስፈራ የከረምሁ ልጅ፣ ያን ጊዜ የምፈራው በቅሎውን ሆነ።

ማዳም ሊና ራሳቸውን ነቀነቁ። አማርኛቸው ትንሽ ነበር። «ሁለት፣ አንድ ላይ» አሉ፤ ሁለት ጣታቸውን አጣብቀው አሳዩት። «እህት፣ ወንድም። አንድ ላይ።»

አቶ ተሰማ ወደ በሩ ዞረ። መቃኑን ያየው ያን ጊዜ ነው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ማዳም ሊና በመጠየቃቸው ደስ አላቸው። «ልጅ ነው! ሁሉ ልጅ። በወር፣ በወር ይለካል። ይቺ፣ ብርቄ ናት» አሉና መስመሬን በጣታቸው ነኩት።

እሱ መዳፉን ዘርግቶ ከታች ጀምሮ በስንዝር እየለካ መስመሬ ጋ ደረሰ። እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሸሸት አደረገ። እኔን አየኝ፣ ቁልቁል ለገሃሩን አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ። በጥድፊያ ወደ ከተማው ወረደ። ማዳም ሊና ግን ከኋላው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዙለት ነበር።

ከመሸ በኋላ አዳማ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ፈረንጆቹ ከባቡሩ በላይ አፋፉ ላይ ልጅ ሰብስበው በስንዝር እየለኩ ነው ተባለ።

በማግሥቱ ከተማው ወደ እኛ ወጣ። ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር የአገሩ ዳኛ ቀኛዝማች ወልዴ ተቀመጡ። ግራና ቀኛቸው ሽማግሌዎቹ፤ ከእነሱ መካከል ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ እንድሪስ አሉበት። ሴቶቹ ከኋላ፣ የባቡር ሠራተኞቹ ቆመው። እኛ ልጆቹ በአንድ በኩል፣ ሙሴ ካርልና ማዳም ሊና በሌላው በኩል። አኮ ጫልቱ የፍየል ገመድ እንደያዙ መጡ።

ቀኛዝማች ከልጆቹ እንጀምር አሉ። አንዱን ትንሽ ልጅ ጠሩት።

«ና እስቲ፣ የእኔ አንበሳ። እዚህ ቤት ምን ያደርጉሃል?»

«ዘይት ያጠጡኛል።»

«የምን ዘይት?»

«የዓሣ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ቀኛዝማች ጠርሙሱ ይምጣልኝ አሉ። አሸተቱት፣ አመነቱ፣ ዳኛ ናቸውና ቀመሱት። ፊታቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨማደደ። ውኃ ጠይቀው ተጉመጠመጡ።

«ይህን የሚጠጣ ልጅ ቢሸጥስ» አሉ ሐጂ እንድሪስ፣ «ሽታውን ችሎ የሚገዛው ማን ነው?»

ሰው ሳቀ። ቀኛዝማች ግን አልሳቁም። ወደ ሙሴ ካርል ዞሩ።

«እነዚህን ልጆች ማን ሰጣችሁ?»

ሙሴ ካርል በአስተርጓሚ ሳይሆን በራሳቸው አማርኛ፣ ከአዲስ አበባ ፈቃድ አለን አሉ።

«ፈቃዱንማ እናውቃለን። መንግሥት ቦታ ሰጣችሁ። ልጅ ግን መንግሥት አይሰጥም። ልጅ የሚሰጥ ወላጅ ነው፤ ወላጅ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ አገር ነው። አገር መቼ ሰጣችሁ? ማን ዋስ ሆነላችሁ? ደግሞስ ካልሸጣችኋቸው ለምን ትለኳቸዋላችሁ?»

ማዳም ሊና የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰሙ። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፣ መስመሮቹን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ልጅ ይበላል» አሉ፤ «ልጅ ያድጋል። እኔ ማየት እፈልጋለሁ። እነዚህ አያድጉም። ለምን አያድጉም?» ዘነበች ያን ጊዜ አንገቷን ደፋች። እኛም ሁላችን ደፋን።

አቶ ተሰማ ተነሣ። «ጌቶቼ፣ እኔ ሴትዮዋን ክፉ ናት አልልም። ልጆቹን ግን ዝም ብዬ አልተዋቸውም። ይቺ የሥጋ ዘመዴ ናት፤ ዛሬውኑ ይዣት ልሂድ።»

ማልቀሴን ያወቅሁት ጥላሁን ጉንጬን ሲጠርግልኝ ነው።

«ያ ዋቃ!» አሉ አኮ ጫልቱ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው። ገመዳቸውን ጥለው ወደ መሐል ገቡ። «እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? እኛ ጋ ልጅ በጉዲፈቻ ሲገባ ሽማግሌ ፊት ነው። እናንተ አማሮችም ጣት ማር ነክራችሁ የጡት ልጅ ታደርጋላችሁ። ለዚች ሴትዮ ይህን ማን ነገራት? መንገዱን ሳታሳዩ ለምን በበሩ አልገባሽም ትሏታላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ቀኛዝማች ዞሩ።

ቀኛዝማች ጢማቸውን ደባበሱ። «እውነት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኛም አልነገርናትም።»

«ማር ከሆነ እኔ አለኝ!» አሉ ሐጂ እንድሪስ። «የአርሲ ማር ነው። ማር ደግሞ ቢላዋ አይነካውም፤ የእስላም እርድ የክርስቲያን እርድ የለበትም፤ ሁሉም ይልሰዋል።» ወዲያው ሰው ወደ ሱቃቸው ሮጠ።

ለማዳም ሊና ነገሩን ማስረዳት ጊዜ ወሰደ። አኮ ጫልቱ በእጅ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ አስረዷቸው፤ ጣትሽን እዚህ፣ ልጁ ይጠባል፣ ከዚያ ወዲያ ከሆድሽ እንደወጣ ነው፤ ብትሸጪው ልጅሽን ሸጥሽ፣ ብትበድይው ምድር ትጠይቅሻለች። ሲገባቸው ፊታቸው እስከ አንገታቸው ቀላ። ባላቸውን አዩ። ሙሴ ካርል ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፤ እሳቸውም አብረው መሆናቸው ነው። አኮ ጫልቱ ውኃ አስታጠቧቸው።

«ኮቱ፣ ኢጆሌ!» አሉ። ኑ፣ ልጆች።

ማንም አልነቃነቅ አለ። እኔ ጥላሁንን አቅፌ ወጣሁ። ከእኔ በፊት እሱን አስቀደምሁት፤ እናት ቢኖረን እሱ ነው የሚያስፈልገው። ማዳም ሊና ተንበረከኩ፣ ጣታቸውን ከማሩ ነክረው አፉ ላይ አደረጉ። በሽተኛው ወንድሜ፣ ምግብ ባየ ቁጥር ፊቱን የሚያዞረው፣ ጣታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ጠባ። አልለቅም አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ እኔ ቀጠልሁ። የማሩ ጣዕም ላይ የከሰል ጣዕም ነበረበት፤ ጣታቸው ከሰል ለምዶ።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ተያያዘ። የዘይቱ ልጅ ጠብቶ ሲያበቃ ዞሮ ከሰልፉ ጫፍ ገባ።

«ኧረ ያኛው ሁለት ጊዜ ተወለደ!» አሉ ሐጂ እንድሪስ።

ዘነበች የመጨረሻዋ ነበረች። ትልቅ ልጅ ናት፣ አፈረች። ማዳም ሊና ጣታቸውን ዘርግተው ጠበቋት። ዘነበች ጣታቸውን በመጥባት ፈንታ እጃቸውን ሳመች፤ ከዚያ ተደፍታ አለቀሰች። ማሩን በኋላ ላሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማዳምን አንቱ ማለት ቀረ። እናት አንቱ አትባልም።

«ዋስስ?» አሉ ቀኛዝማች። «የባዕድ አገር ሰዎች ናቸው፣ ወገን የላቸውም። ማን ዋስ ይሆናል?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የተነሣው አቶ ተሰማ ነው።

«አንተ? ከሳሹ?»

«ያልጠየቀ ሰው ምን ብሎ ዋስ ይሆናል? የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አዳማ ገበያ በመጣሁ ቁጥር ገብቼ አያቸዋለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ልጅቱም እናት አላት። ከወንድሟ አልነጥላትም።»

ከሕዝቡ አንዱ፣ እንግዲያው ያ መስመር ይፋቅ አለ። ቀኛዝማች እጃቸውን አነሡ።

«አይፋቅም። ከእንግዲህ በዓል ባለፈ ቁጥር እኛው ፊት ይለኩ። መስመሩ እያለ ልጁ የጠፋ እንደሆነ እንጠይቃለን። ልጁ እያለ መስመሩ ያልጨመረ እንደሆነም እንጠይቃለን።»

ሰው ስለ እንደዚህ ያሉ ፈረንጆች ሲያወራ ወይ መልአክ ወይ ሌባ ሲያደርጋቸው እሰማለሁ። እኔ ስለ ሌሎቹ አላውቅም፤ አልፈርድም። ስለ ማዳም ሊና ግን በየቀኑ ጸሎቴ ላይ ስሟን እጠራለሁ። ከስሟ ቀጥዬ የአቶ ተሰማንና የቀኛዝማችን ስም እጠራለሁ። እሷ አሳደገችን፤ እነሱ ደግሞ ስለ እኛ ጠየቁ። ወላጅ የሌለው ልጅ የሚቸግረው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ «የት ደረሰ?» የሚልለት ሰውም ነው። እኛ ሁለቱንም አገኘን።

ትንሣኤ አልፎ ቀኑ ደረሰ። ከተማው እንደገና ወጣ፤ አሁን ግን ዳቦና ጠላ ይዞ ነው። አቶ ተሰማም ከነገሌ መጣ፤ ሚስቱ ሴት ልጅ ተገላግላለች። እኛ ተሰለፍን። የመጀመሪያው ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለተኛውም ቀጥ አለ። እኔም ጉልበቴን ዘርግቼ፣ አንገቴን አቅንቼ ቆምሁ። በበጋው ሁሉ ያላደገ ቤት በአንድ ጠዋት ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ማዳም ሊና አንዱን መስመር እያየች ሌላውን እያየች አፏን ያዘች።

«ካርል! ማሩ!» አለች። «ማሩ ነው!»

ማንም አልነገራትም። እስከ መጨረሻውም ማሩ እንዳሳደገን ታምን ነበር። ተሳስታለች ብዬ ደፍሬ ልናገር አልችልም።

መጨረሻ ላይ ጥላሁን ቀረ። እሱ አንድም ቀን አጎንብሶ ስለማያውቅ የእሱ መስመር ብቻ ነበር እውነተኛው። አኮ ጫልቱ ሊይዙት ሲሉ እጃቸውን ገፍቶ በራሱ እግር ቆመ። መጽሐፉ አናቱ ላይ ተቀመጠ።

«ቆይ» አሉ ቀኛዝማች ወልዴ። «በጣቱ ቆሞ እንዳይሆን።» ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ አቧራው ላይ ተንበረከኩ፤ ያ ሁሉ ሰው እጅ የሚነሣቸው ዳኛ፣ የወንድሜን ተረከዝ በጣታቸው ዳሰሱ። ቀና አሉ።

«ተረከዙ መሬት ነው!» ብለው ጮኹ። «አድጓል!»

ማዳም ሊና መስመሩን አጥብቃ ስታሰምር ከሰሉ እጇ ላይ ተሰበረ። እልልታው ነፋሱን አሸነፈው። ጥላሁን ደንግጦ ቀሚሷ ውስጥ ተሸሸገ፤ እኔ ደግሞ በሰዎቹ እግር መካከል ሾልኬ መቃኑ ጋ ደረስሁ። በአሮጌው መስመርና በአዲሱ መካከል ጣቴን አጋድሜ አስቀመጥሁ።

ልክ ገባች።